ዳኛው ኳሱን አያይም፤ ማየትም የለበትም

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ስለ ቅርጫት ኳስ ዳኞች የጻፈውን አነበብኩ። ስሙን አልጠራም። ቅዳሜ ጂም ውስጥ እንገናኛለን፣ አብረን ኳስ እንወረውራለን፣ ሰላም ማደር እፈልጋለሁ። ግን ጽሑፉን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ሁለቴ አነበብኩት፤ በሁለተኛው ቡናዬ ቀዘቀዘ።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። የኤንቢኤ (የአሜሪካው ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ዳኞች ስህተት በዝቷል ይላል። ምክንያቱ ደግሞ አንድ ነው ባይ ነው፦ ትኩረት ማጣት። ዳኛ ዓይኑን ከኳሱ ላይ ካላነሳ፣ ጆሮውን ለተመልካች ጩኸት ካልሰጠ፣ የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ደቂቃ እኩል ከዳኘ አይሳሳትም። የቀረውን ቪዲዮ ይጨርሰዋል። ይሄ የማይሆንለት ይባረር፣ ያረጀም ጡረታ ይውጣ። በቃ፣ ይሄው ነው።

እኔ የዳኞች ጠበቃ አይደለሁም። ቡድኔ ሌከርስ ሲሸነፍ ቴሌቪዥን ላይ የምጮህ ሰው ነኝ። ግን እዚህ ሜሪላንድ ቅዳሜ ጠዋት የልጆች ጨዋታ እዳኛለሁ፣ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፣ እና ወዳጄ የጻፈው ፊሽካ አፉ ገብቶ የማያውቅ ሰው የሚጽፈውን ነው። (ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።)

ከኳሱ እንጀምር።

ጥሩ ዳኛ ዓይኑን ከኳሱ አይነቅልም አልክ። ወዳጄ፣ ትክክሉ ተቃራኒው ነው። ዳኛ ሲሰለጥን ገና በመጀመሪያው ቀን የሚነገረው "ኳሱን አትከተል" የሚል ነው። ኳስ ፋውል አይሠራም። ፋውል የሚሠራው ሰው ነው፣ ሰው ደግሞ በየቦታው አለ።

የኤንቢኤ ሜዳ ርዝመቱ 94 ጫማ፣ ወርዱ 50 ጫማ ነው። ዐሥር ግዙፍ ሰው ይሮጥበታል። ዳኞቹ ከ1988-89 ውድድር ዘመን ወዲህ ሦስት ናቸው፤ ከዚያ በፊት፣ አንድ የሙከራ ዓመት ሲቀር፣ ሁለት ነበሩ። ሦስቱ ሜዳውን ይከፋፈሉታል። አንዱ ከቅርጫቱ ጀርባ ከመስመሩ ውጪ ይቆማል፣ አንዱ በጎን በኩል በነፃ ውርወራው መስመር ትይዩ፣ ሦስተኛው ራቅ ብሎ ወደ መሃል ሜዳው። እያንዳንዱ የራሱ ክልል አለው። ኳሱ በአንዱ ክልል ውስጥ ሲሆን የቀሩት ሁለቱ ሥራቸው ኳሱ የሌለበት ቦታ ነው። ስክሪን የሚሠራው (የተከላካዩን መንገድ በሰውነቱ የሚዘጋው) ሰውዬ ዳሌውን አሾልኮ አወጣ? ከቅርጫቱ ሥር ማን የማንን ማልያ ይዟል? ሦስቱም ኳሱን ካዩ ስድስት ዓይን አንድ ነገር ላይ ተሰክቶ ሰባት ስምንት ተጫዋች ያለ ዳኛ ይቀራል።

ይሄን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ጨዋታ። አንድ ቀጭን ልጅ በግራ በኩል ሾልኮ ገባና ወረወረ። ኳሱ ቀለበቱ ላይ ነጠረ፣ ደግሞ ነጠረ። እኔ ደግሞ አንገቴን ሰቅዬ፣ እንደ ተመልካች፣ ይገባል አይገባም እያልኩ አያለሁ። ገባ። ሁለት ጣቴን ለጠረጴዛው አሳይቼ ዞር ስል አንድ ልጅ አፍንጫውን ይዞ መሬት ላይ ተቀምጧል። ክርን ነው። ነጭ ማልያው ላይ ደም ጠብ ጠብ ይላል። ማን እንደመታው አላየሁም። አብሮኝ የሚዳኘው ሰውም አላየም፣ እሱም ኳሱን ነበር የሚያየው። የልጁ እናት ሐበሻ ነበረች። አልጮኸችም። መጥታ ልጇን አነሳችና "ወንድሜ፣ ምን እያየህ ነበር?" አለችኝ።

ኳሱን። ኳሱን ነበር የማየው። መግባቱንማ የመረቡ ድምፅ ይነግረኝ ነበር።

አሁን እስቲ ክንድህን ዘርጋና አውራ ጣትህን ቀጥ አድርግ። ዓይንህ በአንድ ጊዜ ጥርት አድርጎ የሚያየው የዚያችን ጥፍር ያህል ቦታ ነው፣ ትንሽ ቢበልጥ ነው። የቀረው ብዥ ያለ ነው፣ አእምሮህ ነው በግምት የሚሞላው። ይሄ የዳኛ ድክመት አይደለም፣ የሰው ዓይን አሠራር ነው። ስለዚህ የዳኛ ጥያቄ "ልብ ብዬ አየሁ ወይ" ሳይሆን "ያቺን ጥፍር የምታክል ቦታ የት ላይ ላሳርፋት" ነው።

ደግሞ የሚገርመው፣ ስለ ትኩረት ከተሠሩ ሙከራዎች በጣም የታወቀው በቅርጫት ኳስ የተሠራ ነው። በ1999 ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ነጭ የለበሱና ጥቁር የለበሱ ሰዎች ኳስ ሲቀባበሉ ቀርጸው ለሰው አሳዩ። ነጭ የለበሱት ስንት ጊዜ እንደተቀባበሉ ቁጠሩ አሏቸው። በመሃል የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው ገብቶ፣ መሃል ላይ ቆሞ፣ ደረቱን ደቅቶ ወጣ። ከተመልካቹ ግማሽ ያህሉ አላየውም። ልብ በል፣ ያላዩት ሰዎች ፈዘው አይደለም። ታዘው ሲቆጥሩ ነው። ጎሪላውን የሸሸገባቸው ያው ትኩረታቸው ነው። ወዳጄ ዳኛ ትኩረት አጣ እያለ የሚከሰው አብዛኛውን ጊዜ ትኩረቱን በሙሉ ሌላ ቦታ ያዋለን ሰው ነው።

ይሄን ይዘን ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንሂድ። ቦስተን።

ጽሑፉ ትልቁ ማስረጃዬ ብሎ የያዘው ጥር 28 ቀን 2023 የተደረገውን የሌከርስና የሴልቲክስ ጨዋታ ነው። እኔም አይቼዋለሁ፣ እኔም ጮኬያለሁ። 105 ለ 105። ጥቂት ሰከንድ ቀርቷል። የሌከርሱ ኮከብ ሌብሮን ጄምስ ወደ ቅርጫቱ ገሰገሰ፣ የሴልቲክሱ ጄሰን ቴተም እጁን መታው፣ ኳሱ ሳተ። ፊሽካ የለም። ሌብሮን ጭንቅላቱን ይዞ መሬት ላይ ተንበረከከ። የቡድን ጓደኛው ፓትሪክ ቤቨርሊ ደግሞ ከአንድ ፎቶ አንሺ ካሜራ ተቀብሎ ለዳኛው ምስሉን ሊያሳይ ሄደና ቴክኒካል (የሥነ ምግባር ቅጣት) ተነፋበት። (ይሄን ሳስበው አሁንም ያስቀኛል። እኛ አገር ቢሆን "ምስክር አለኝ" ብሎ መቅረብ ነው።) በተጨማሪ ሰዓት ሴልቲክስ 125 ለ 121 አሸነፈ።

ስህተት ነበር። አከራካሪ አይደለም። የዕለቱ የዳኞች አለቃ ራሱ ከጨዋታው በኋላ ንክኪ እንደነበረና እንዳመለጣቸው ተናገረ፤ የዳኞቹ ማኅበርም በማግስቱ ነገሩ ሆዳችንን በልቶናል፣ እንቅልፍም ይነሳናል የሚል መግለጫ አወጣ። ወዳጄ ግን ከዚህ ተነስቶ "ስለዚህ አላተኮሩም" ይላል። በምን አወቀ? ጥቂት ሰከንድ በቀረው፣ አቻ በሆነ ጨዋታ፣ ሌብሮን ኳስ ይዞ ሲመጣ የማያተኩር ዳኛ የት ነው ያለው? እዚያ አዳራሽ ውስጥ ፖፕኮርን የሚሸጠው ሰው እንኳ አተኩሮ ነበር!

በቴሌቪዥን ያየነው ምስል የተነሳበትን ቦታ አስብ። እኔና አንተ ያየነው እጅ ለእጅ ሲጋጠም በሚያሳይ ካሜራ፣ ቀስ ብሎ፣ አሥር ጊዜ ተደጋግሞ ነው። ዳኛ የሚያየው አንዴ ነው፣ ባለበት ቦታ፣ በእውነተኛው ፍጥነት። በሁለት ተጫዋቾች መሃል ያለውን ክፍተት የሚያይበት ቦታ ላይ ካልተገኘ፣ ዓይኑ የንስር ቢሆን የሚያየው ጀርባ ነው። ዳኞች በስልጠና ላይ ቀን ከሌት የሚጨቀጨቁት ስለዚህ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ብትሄድ ክፍተቱ ይታይህ ነበር፣ አልሄድክም። ይሄ የእግር ሥራ ነው። ዳኛ ሲሳሳት መጀመሪያ "የት ቆመህ ነበር?" ብለህ ጠይቀው።

ሌላም ነገር አለ። ሰው ሲገሰግስ ዳኛ ማየት ያለበት አጥቂውን ሳይሆን ተከላካዩን ነው። ይሄ ለተመልካች በጣም ይከብዳል፣ ምክንያቱም ትኬት የከፈልነው ሌብሮንን ለማየት ነው። ግን ብሎክ (የተከላካዩ ጥፋት) ነው ወይስ ቻርጅ (የአጥቂው ጥፋት) የሚለውን የሚወስነው አጥቂው ምን ያህል እንደተወረወረ ሳይሆን ተከላካዩ አጥቂው ለመወርወር ወደ ላይ መነሳት ከመጀመሩ በፊት ቦታውን ይዞ ነበር ወይ የሚለው ነው። ተከላካዩን ቀድመህ ካላየኸው፣ ግጭቱ ሲፈጠር ዞር ብለህ ብታየው የምታየው መጨረሻውን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግምት ነው፣ በትወና ደግሞ የተካኑ አሉ። ሊጉ ራሱ ተሰላችቶ ከ2023-24 ጀምሮ ሆን ብሎ በሚወድቅ ተጫዋች ላይ ቴክኒካል እንዲነፋ አድርጓል።

ሦስተኛው ነጥብ ቪዲዮ ነው፤ ወዳጄ እዚህ ላይ በጣም ተዝናንቷል። ካሜራ እያለ ምን ሰበብ አለ ይላል።

እስቲ ቦስተን እንመለስ። ሌከርስ ለምን ቪዲዮ አላስመጡም? አሰልጣኝ ውሳኔ የሚቃወምበት ሥርዓት ከ2019-20 ጀምሮ አለ። ግን መቃወም የሚቻለው የተነፋን ነገር ነው። ያልተነፋን ፋውል ማንም ሊቃወም አይችልም። ይሄ ሞኝነት አይደለም። በአንድ ጨዋታ ውስጥ ሳይነፋባቸው የሚያልፉ ንክኪዎች ስፍር ቁጥር የላቸውም። ሁሉም ይታይ ከተባለ ጨዋታው እስከ ነገ አያልቅም። ስለዚህ ያንተ ቪዲዮ፣ አንተው ትልቁ ማስረጃዬ ያልከውን ስህተት፣ በሕጉ መሠረት ሊነካው አይችልም ነበር። ጽሑፉን ስትጽፍ ይሄን አለማየትህ... ትኩረት ማጣት ልበለው?

ቪዲዮ የታየበትን ደግሞ እንይ። ግንቦት 31 ቀን 2018፣ ኦክላንድ፣ የኤንቢኤ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ። 36.4 ሰከንድ ቀርቷል፣ ካቫሊየርስ፣ ያኔ የሌብሮን ቡድን፣ ዋሪየርስን በሁለት ነጥብ ይመራል። የዋሪየርሱ ኬቨን ዱራንት ሌብሮንን ገጨው፣ ቻርጅ ተነፋ። ዳኞቹ ሌብሮን ከቅርጫቱ ሥር ባለችው፣ ተከላካይ ቆሞ ቻርጅ በማያገኝባት ግማሽ ክብ ውስጥ ነበር ወይስ ውጪ ብለው ለማጣራት ቪዲዮ ሄዱ። ከክቡ ውጪ ነበር። ግን አንዴ ቪዲዮው ከተከፈተ ተከላካዩ ቦታውን በትክክል ይዞ ነበር ወይ የሚለውንም ማየት ይፈቀድላቸው ነበርና ውሳኔውን ገልብጠው ብሎክ አሉት። ዱራንት ሁለቱንም አገባ፣ አቻ። ሦስት ባለሙያ፣ ስክሪን፣ ብዙ ካሜራ፣ የፈለጉትን ያህል ድግግሞሽ። ዛሬም ድረስ ሰው በዚህ ይጣላል። ለምን? ቪዲዮ እግሩ መስመሩን ረግጧል አልረገጠም፣ ሰዓቱ ሳያልቅ ኳሱ ከእጁ ወጥቷል አልወጣም ለሚል ጥያቄ ወርቅ ነው። "ቦታውን ይዞ ነበር?" ለሚለው ግን ውሳኔው ከሜዳው ወደ ስክሪን ዞረ እንጂ ውሳኔነቱ አልቀረም።

ደግሞ ቀስ ብሎ የሚሄድ ምስል የራሱ ተንኮል አለው። በ2016 የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው ሰዎች አንድን ድርጊት ዝግ አድርገው ሲያዩት "ሆን ብሎ ነው" የማለታቸው ነገር ይጨምራል። ድርጊቱ አንድ ነው። የተዘረጋው ጊዜ ግን ሰውዬው ያሰበበት ያስመስለዋል።

በነገራችን ላይ የዚያ የ2018 ጨዋታ ትልቁ ስህተት የዳኛ አልነበረም። 4.7 ሰከንድ ሲቀር የካቫሊየርሱ ጆርጅ ሂል አንዱን ነፃ ውርወራ አገባ፣ 107 ለ 107፤ ሁለተኛውን ሳተ። የቡድን ጓደኛው ጄአር ስሚዝ የሳተውን ኳስ ያዘና ከመወርወር ይልቅ ኳሱን እያነጠረ ወደ መሃል ሜዳ ሮጠ፤ ሌብሮን እጁን ዘርግቶ ወደ ቅርጫቱ እያሳየው። አሰልጣኙ ከጨዋታው በኋላ የምንመራ መስሎት ነበር አለ። ሌብሮን 51 አስቆጥሮ በተጨማሪ ሰዓት 124 ለ 114 ተሸነፈ። ለተጫዋቹ "ሰው ነው፣ ተሳሳተ" እንላለን። ለዳኛው ይባረር።

ጩኸቱ ላይ ግን ወዳጄን ሙሉ በሙሉ አልቃወመውም። ዳኞች በተመልካች ይነካሉ። እውነት ነው። በ2002 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት አለ፣ የእግር ኳስ ነው ግን ለኛም ይሆናል። 40 ዳኞች ያንኑ የተቀዳ ጨዋታ አዩ፣ አንዳንዶቹ ከነጩኸቱ፣ ሌሎቹ ድምፁ ተዘግቶ። ጩኸቱን የሰሙት በባለሜዳው ቡድን ላይ 15 በመቶ ገደማ ያነሰ ፋውል ቆጠሩ። የማልስማማው "ፈሪ ስለሆኑ ነው" በሚለው ነው። እነዚህ ሰዎች ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጡ ናቸው። ማንም አይሰድባቸውም፣ ማንም መኪናቸው ጋ አይጠብቃቸውም። ምን ያስፈራቸዋል? ነገሩ ሌላ ነው። ዓይን እርግጠኛ ባልሆነበት ቅጽበት አእምሮ ያገኘውን መረጃ ሁሉ ይበደራል፣ ሃያ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ "ኧረ!" ሲል ያ ድምፅም መረጃ ይመስለዋል። ይሄን ቆራጥነት አይከለክለውም።

ምን ይከለክለዋል? አንድ የምወደው ምሳሌ አለ። በ2007 ጆሴፍ ፕራይስና ጀስቲን ዎልፈርስ የሚባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች የብዙ ዓመት የኤንቢኤ መረጃ አገላብጠው፣ የዳኞቹ ዘር ከተጫዋቹ የተለየ ሲሆን የሚነፋበት ፋውል በትንሹም ቢሆን ይጨምራል አሉ። ሊጉ ተቃወመ፣ ጋዜጦች ተቀባበሉት፣ ትልቅ ጫጫታ ሆነ። ቆይቶ ከሌላ ባልደረባ ጋር ተመልሰው ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ሲያዩ ልዩነቱ ጠፍቷል። ሰዎቹ እንዲህ እያደረጋችሁ ነው መባሉን ከሰሙ በኋላ ማለት ነው። የባሰ አተኩሩ ያላቸው የለም። የማያዩትን ነገር ያሳያቸው ተገኘ።

ስለ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች። ወዳጄ ሕግ ሕግ ነው፣ በአንደኛው ደቂቃ ፋውል የሆነ በአርባ ስምንተኛውም ፋውል ነው ይላል። በወረቀት ላይ ልክ ነህ። ኤንቢኤ ከመጋቢት 2015 ጀምሮ ተቀራራቢ ውጤት ያላቸውን ጨዋታዎች የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ እየመረመረ ይሄ ልክ ነበር፣ ይሄ ስህተት ነበር ብሎ በይፋ ያወጣል፣ እና ከሚዘረዘሩት ስህተቶች አብዛኞቹ ተነፍተው ሳይሆን ሳይነፋ የቀሩ ናቸው። ፊሽካው ይጠፋቸዋል። እሰጥሃለሁ።

ግን ንክኪ ሁሉ ፋውል ነው ብለህ ከተነሳህ ሌላ ጨዋታ ነው የምታወራው። ዳኞች አራት ነገር ያያሉ፦ የአጥቂው የእንቅስቃሴ ምት (ሪትም)፣ ፍጥነት፣ ሚዛን፣ ቅልጥፍና። ተከላካዩ እጁን ዳሌው ላይ አሳረፈ፣ ከእነዚህ አንዱ ተበላሸ? ከተበላሸ ንፋ። ካልተበላሸ ተወው፣ ልጁ ሄዶ ያገባል፣ ብትነፋ የምትቀጣው የተበደለውን ነው። ለዚህ ነው ጥሩ ዳኛ ትንሽ የሚዘገየው። ፊሽካው አፉ ውስጥ ነው፣ አየሩ ሳንባው ውስጥ ነው፣ ግን ይጠብቃል። ያቺ ግማሽ ሰከንድ ለተመልካች "ፈዟል" ትመስላለች። እኔ ጀማሪ እያለሁ ሁሉንም ወዲያው ነበር የምነፋው፣ አንድ ቀን ጨዋታው ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ ልጆቹ ላባቸው ደርቆ ይበርዳቸው ጀመር።

የፍርድ ቤት ዳኛ ቀጠሮ ይሰጣል። "ለውሳኔ ለሦስት ሳምንት" ብሎ መዝገቡን ዘግቶ ቤቱ ይሄዳል። የኛው ዳኛ ያቺ ግማሽ ሰከንድ ናት ቀጠሮው። ከዚያ ወዲያ ሰዓቱም ይከሰዋል፤ በኤንቢኤ የፊሽካው ድምፅ ራሱ በመሣሪያ አማካይነት የጨዋታውን ሰዓት ያቆማል። ነፋህ ማለት ወሰንክ ማለት ነው።

ማካካሻ ላይ ደግሞ ወዳጄ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጽፎ አለፈ፣ አንዱን ሲበድሉ ሌላውን ይበድላሉ ብሎ። ይሄ ነው እኮ ብዙ መጻፍ የነበረበት። በ2004-05 የተደረጉ 365 የአሜሪካ ኮሌጅ ጨዋታዎችን ያየ ጥናት፣ ቀጣዩ ፋውል ያነሰ ፋውል ባለው ቡድን ላይ የመነፋቱ ነገር እንደሚያደላ፣ ልዩነቱ ሲሰፋም እንደሚብስ አግኝቷል። (እርግጥ ጥቂት ፋውል ያለው ቡድን ደፍሮ ስለሚጫወት ሊሆንም ይችላል። የተነፋውን ብቻ ቆጥሮ ሁለቱን መለየት ከባድ ነው።) እኔ ግን ከራሴ አውቀዋለሁ። ሰሌዳው ላይ ፋውሉ ሰባት ለሁለት ሲል፣ የዚያኛው ቡድን አሰልጣኝ "ዳኛ፣ ሰባት ለሁለት!" ሲለኝ፣ በቃ ውስጤ የሆነ ሽማግሌ ይነሳል። እኛ ሐበሾች እርቅ ይዞን ያደግን ነን። አንተም ተው፣ አንተም ተው፣ ግማሽ ግማሽ። ዳኝነት ግን ሽምግልና አይደለም። አንዱ ቡድን ሰባት ፋውል ሠርቶ ሌላው ሁለት ከሠራ ሰባት ለሁለት ነው። ይሄን ለራሴ በየሳምንቱ እነግረዋለሁ፣ በየሳምንቱም ይፈትነኛል። ከዚህም የባሰው የራስን ስህተት ማካካስ ነው። አንዱን ስህተት ነፍተህ ስታውቀው፣ ያቺ ነገር ጭንቅላትህ ውስጥ ትቀራለች፣ ኳሱ ወደዚያኛው ቅርጫት ሄዷል፣ አንተ ገና የቀደመውን እየዳኘህ ነው። ትኩረት ማጣት የሚባል ነገር ካለ እኔ የማውቀው ይሄን ነው። የሚመጣውም ከግድየለሽነት አይደለም፣ ከመጠን በላይ ከመጨነቅ ነው። ይባረር እያልክ ስትጽፍለት የበለጠ ይጨነቃል።

የቀድሞውን የኤንቢኤ ዳኛ ቲም ዶናሂን ማንሳትህ አልገባኝም። ራሱ በዳኛቸው ጨዋታዎች ላይ ሲወራረድ የተያዘ፣ በ2007 ጥፋቱን ያመነ፣ በ2008 አሥራ አምስት ወር የተፈረደበት ሰው ነው። እሱ ፍርድ አልከበደውም፣ የሥራውን ምስጢር ሸጠው። ሌላ ርዕስ ነው።

"ድሮ እንዲህ አልነበረም" የሚለውን ደግሞ ከአንተ አልጠበቅኩም ነበር። ድሮ ማለት መቼ ነው? ሙኒክ 1972? የኦሊምፒክ ፍጻሜ፣ አሜሪካ 50 ሶቪየት ኅብረት 49፣ ሦስት ሰከንድ። ያቺ ሦስት ሰከንድ ሦስት ጊዜ ተጀመረች። መጀመሪያ በእረፍት ጥያቄ ውዝግብ ቆመ፣ ቀጥሎ ሰዓቱ በትክክል ሳይመለስ ተጀመረ፣ የፊባ (የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ዋና ጸሐፊ ዊልያም ጆንስ ራሱ ጣልቃ ገብቶ ሦስት ሰከንድ ይመለስ አለ። በሦስተኛው ሶቪየቶች አግብተው 51 ለ 50 አሸነፉ። ብራዚላዊው ዳኛ ሬናቶ ሪጌቶ የውጤት ወረቀቱ ላይ አልፈርምም አለ። አሜሪካኖቹ የብር ሜዳሊያቸውን እስከ ዛሬ አልወሰዱም። ድሮ ይሄ ነው።

ድሮ እኮ ፊሽካው ራሱ ይከዳ ነበር። በውስጡ ያለችው ትንሽ ኳስ ትጣበቅና ድምፅ እምቢ ይላል። ሮን ፎክስክሮፍት የሚባል ካናዳዊ የቅርጫት ኳስ ዳኛ በትልቅ ጨዋታ ላይ ይሄ ደርሶበት፣ ነፍቶ ነፍቶ ድምፅ አጥቶ፣ በብስጭት ኳስ የሌለው ፊሽካ አሠራ፣ በ1987 ወጣ። ዛሬ እኔ ቅዳሜ አንገቴ ላይ የማንጠለጥለው ያንን ነው።

መጨረሻ ላይ ያረጁት ይሰናበቱ ብለሃል። ዓይናቸው ይደክማል፣ እግራቸው ይዘገያል። እግር እንደሚያስፈልግ ቅድም እኔው ነኝ ያልኩት፣ አልክድም። ግን የኤንቢኤውን ዳኛ ዲክ ባቬታን ታውቀዋለህ? በ1975 ጀመረ። እስከ 2014 ድረስ አንድ የተመደበበት ጨዋታ አልቀረም፣ በተከታታይ 2,635 መደበኛ ጨዋታ። የቀድሞው ኮከብ ተጫዋች ቻርልስ ባርክሌይ በቴሌቪዥን ይሄንን ሽማግሌ በሩጫ እበልጠዋለሁ ሲል ነገሩ ተካረረና በ2007 የኦል ስታር (የከዋክብት ጨዋታ) ምሽት ላስ ቬጋስ ውስጥ ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተመላለሱ ሮጡ። ባቬታ 67 ዓመቱ ነበር። ባርክሌይ አሸነፈ፣ ለማሾፍ መጨረሻውን ወደ ኋላ እየሮጠ። ሽማግሌው መስመሩ ላይ ለመድረስ ወለሉ ላይ ተወረወረ። ተነሳ፣ ሰባት ዓመት ደግሞ ዳኘ።